ደብተሩ ማን ጋ ነው? በአረጋውያን ላይ የሚደርስን በደል ማወቅ፣ ማሳወቅና መከላከል

ከደሴ ተነስቶ በአቀስታ በኩል መካነ ሰላም የሚደርሰው መንገድ ብዙ ወጣት ሸኝቷል። አንዱ ወደ ደሴ፣ ሌላው ወደ አዲስ አበባ፣ አንዷ ወደ ጅዳ ወይም ወደ ቤይሩት ሄዳለች። በቦረና፣ በወግዲ፣ በለጋምቦና በሳይንት ደጋ የቀሩት እናትና አባት ደግሞ ቤት ከተረፈው አንድ ልጅ፣ ከምራት ወይም ከልጅ ልጅ ጋር ይኖራሉ። ብዙው ቤት እንደ አቅሙ ይጦራል። በደል ያለበት ቤት ግን ከደጅ ሲያዩት ከሚጦረው ቤት ብዙም አይለይም፤ ጎረቤቱም፣ የቅሬው (የእድሩ) ሰብሳቢም፣ ሩቅ ያለው ልጅም ነገሩን ሳያውቁ ዓመታት የሚያልፉት ለዚህ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ ዕድሜያቸው 60 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑ 6 ሰዎች አንዱ በ1 ዓመት ጊዜ ውስጥ በሚኖርበት አካባቢ አንድ ዓይነት በደል ይደርስበታል። ድብደባ፣ ስድብና ማስፈራራት፣ ወሲባዊ ጥቃት፣ ንብረት መንጠቅ፣ ምግብና ሕክምና መንፈግ ሁሉም በደል ናቸው። ዝርዝሩ የትም አገር አንድ ነው፤ የሚገባበት በር ግን ይለያያል። በእርሻ አገር ከዱላው በፊት የሚመጣው ወረቀቱ ነው ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ቁስል ከመፈለጋችሁ በፊት ንብረቱን ተመልከቱ።

መጀመሪያ ንብረቱ

የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ ማን ጋ እንዳለ እወቁ። በአማራ ክልል ደብተሩ ላይ የባልና የሚስት ስምና ፎቶ አብሮ ይሰፍራል፤ ባል ስለሞተ የሚስት ድርሻ አብሮ አይቀበርም። ሆኖም የሐዘኑ ድንኳን ሳይነሳ "ይታደስ ተብሏል"፣ "ማዳበሪያ ሲሰጡ ይጠይቃሉ" ተብሎ ደብተሩ ከሣጥን ይወጣና በዚያው ይቀራል። ቀጥሎ የሚፈለገው አውራ ጣት ነው። ፊደል ያልቆጠሩ፣ ዓይናቸውን ሞራ የጋረዳቸው እናት ቀለም የነካ ጣታቸውን በማያዩት ወረቀት ላይ ያሳርፋሉ። ወረቀቱ የኪራይ ውል ይሁን ስጦታ፣ ውክልና ይሁን ኑዛዜ፣ የሚያውቀው ጣታቸውን ይዞ ያስፈረመው ሰው ብቻ ነው።

አቅም ያነሳቸው አባት መሬታቸውን በእኩል ሲያሳርሱ ድርሻቸው የሚጠፋው አውድማ ላይ ነው። እህሉ ተወቅቶ በቁና ሲሰፈር ከእሳቸው ወገን የቆመ ሰው ከሌለ፣ "ዘንድሮ ስንዴውን ዋግ መታው" ማለት ይበቃል። ባሕር ዛፋቸው መሸጡንም አንዳንዴ የሚሰሙት ከመጥረቢያው ድምፅ ነው።

ጥሬ ብሩን ደግሞ እንዲህ ተከታተሉት። ልጅቱ ከዓረብ አገር ለእናቷ የምትልከው በወንድም ሒሳብ ይገባል፤ እናት ስንት እንደተላከላቸው አያውቁም። ሴፍቲኔት ባለባቸው ወረዳዎች መሥራት የማይችሉ አረጋውያን ያለ ሥራ ቀጥታ ድጋፍ ይሰጣቸዋል፤ በስማቸው የሚቀበለው ሌላ ሰው ከሆነ የሚደርሳቸው ስንት እንደሆነ ጠይቁ። ጡረተኛ ከሆኑ የባንክ ደብተሩ፣ ቴሌብር ካላቸው የሚስጥር ቁጥሩ በማን እጅ እንዳለ አጣሩ።

ከንብረቱ መራቆት ጋር አብሮ የሚመጣ ሌላ ምልክት አለ፤ ሰውየው ከሰው መሐል ይጠፋሉ። የቅሬ መዋጯቸውን ለዓመታት በእጃቸው ሲከፍሉ የኖሩ ሰው ውዝፍ ውስጥ ይገባሉ። የሰንበቴ ተራቸው "አሟቸዋል" ተብሎ ይታለፋል። ወዳጃ (የጋራ ጸሎት) ሲጠራ በፊት ከማንም ቀድመው ይገኙ የነበሩት እናት በልጃቸው ቃል "ሰው ማየት አይፈልጉም" ይባልላቸዋል። እኔ ከሁሉም በላይ የምፈራው ይህን ነው፤ ሌላው ሁሉ የሚሠራው ከዚህ መጋረጃ ጀርባ ስለሆነ።

ሰውነቱና መኝታው

የድንጋጤ ዓይን ሳታሳዩ አስተውሉ። በእጅ አንጓና በክንድ ላይ የጣት ቅርጽ ያለው ሰንበር፣ አንዱ አዲስ ሌላው የቆየ ጠባሳ፣ ለአንድ ጉዳት ሁለት ዓይነት ታሪክ ("ከመደብ ወደቁ" ያለው ሰው ነገ "በሬ ወጋቸው" ካለ)፣ በወገብ፣ በዳሌና በተረከዝ ላይ ተኝቶ ከመቅረት የሚመጣ ቁስል፣ የረጠበ ቁርበት፣ በደጋው ብርድ አንድ ቀጭን ነጠላ። አንድ ነገር ሲጠየቁ ከመመለሳቸው በፊት ዓይናቸው ማንን እንደሚፈልግም ልብ በሉ።

ይሁን እንጂ ምልክት ብቻውን ፍርድ አይሆንም። የአረጋዊ ቆዳ በቀላሉ ይበልዛል። ክሳት የሳንባ ነቀርሳ ወይም የስኳር በሽታ ሊሆን ይችላል። "እህል አላቀመሱኝም" የሚሉት እናት ከ1 ሰዓት በፊት የበሉትን ረስተው ሊሆን ይችላል፤ መጃጀት ብለን የምናልፈው ብዙ ጊዜ የመርሳት በሽታ ነውና ሐኪም ሊያየው ይገባል። ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ይዛችሁ ብትሄዱ በሽታውን ከበደሉ ለመለየት ትረዳለች፤ ቤት ለቤት መዞር ሥራዋ ስለሆነም ማንም "ለምን መጣሽ" አይላትም።

ለብቻቸው አነጋግሯቸው

ቡና ተፈልቶ ቤተሰቡ በተሰበሰበበት የሚጠየቅ ጥያቄ መልሱ አይታመንም። እንዲህ ያለ ቤት ገብታችሁ ታውቁ ይሆናል፤ "እማማ፣ እንዴት ሰነበቱ?" ስትሉ ስኒ የምታቀርበው ምራት "ደህና ናቸው፣ ምን ጎሎባቸው" ትላለች፤ እናትየው ፈንዲሻቸውን ይቆረጥማሉ፤ ጨዋታው ወደ ዝናቡ ይዞራል። ምራቷ ክፉ ላትሆን ትችላለች። እናንተ ግን የሰማችሁት የእሷን ቃል ነው።

ጠዋት ደጅ ወጥተው ፀሐይ ሲሞቁ ሂዱ። ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ደግፋችሁ ውሰዷቸው። ጤና ጣቢያ ሲደርሱ ነርሷ "ለብቻቸው ልያቸው" እንድትል አስቀድማችሁ ንገሯት። ጥያቄውን ከዕለት ኑሮ ጀምሩ፤ "ማታ ምን ቀመሱ? ሲያምዎት ማን ይወስድዎታል? የላኩልዎት ብር ደረሰዎት? ደብተሩን የት አኖሩት? በዚህ ቤት የሚያስፈራዎት ነገር አለ?" በሉ። "ልጅዎ ይመታዎታል ወይ?" ብሎ መጀመር በሩን ይዘጋዋል። በደጋችን ልጁን አሳልፎ የሚሰጥ ወላጅ ማግኘት ከባድ ነው። "ገመናዬን አደባባይ አላወጣም"፣ "እኔስ ሟች ነኝ፣ የልጄ ስም ለምን ይጥፋ" ይላሉ። አልቅሰው ዝም ቢሉ ዝምታውን አክብሩና በሌላ ቀን ተመለሱ።

ከዚያ ቤት ስትወጡ ከበዳዩ ጋር አትጋጩ። እናንተ ወደ ቤታችሁ ስትገቡ ከእሱ ጋር የሚያድሩት እሳቸው ናቸው። የሰማችሁትን ግን በዚያው ቀን ጻፉ፤ ቀኑን፣ እሳቸው የተናገሩትን እንደወረደ፣ ያያችሁትን። ፎቶ የምታነሱት ሲፈቅዱ ብቻ ነው። ለማንም አልናገርም ብላችሁ አትማሉ፤ ላትጠብቁት ትችላላችሁና። ምን እንዲደረግላቸው እንደሚፈልጉ ጠይቁ። አእምሯቸው ጤነኛ እስከሆነ ድረስ ቤቱን ልልቀቅ ወይስ ልቆይ የሚለው የእሳቸው ውሳኔ ነው። አዛውንትን "ለራሳቸው ሲባል" ብሎ እንደ ሕፃን ማዘዝ ራሱ ከበደሉ አንዱ መሆኑን አትርሱ።

ሽምግልናው የት ድረስ ነው

ወሎ በእርቅ የታወቀ አገር ነው። ሽማግሌ፣ አበጋር የሚባለው አስታራቂ፣ ዱበርቲ የሚባሉት አዛውንት ሴቶች፣ የንስሐ አባት፣ ሼህ፣ የቅሬ ዳኛ ሁሉም ቃላቸው ይሰማል። እህል የነፈገን፣ የእኩል ድርሻ የበላን ወይም ወላጁን የሰደበን ልጅ እነሱ ፊት ማቆም ከፍርድ ቤት ቀጠሮ ይፈጥናል፤ እናትየውም ከልጃቸው ሳይቆራረጡ ይቀራሉ።

ችግሩ ብዙው እርቅ "ይቅር በለው፣ ይቅር በይው" ተብሎ ጉልበት በመሳም ማለቁ ነው። ልጅ ጉልበት ይስማል፤ በወሩ ነገሩ ወደነበረበት ይመለሳል። እናንተ ሸምጋይ ከሆናችሁ ስምምነቱን በወረቀት አስፍሩት፤ በየወሩ ስንት እህል፣ ስንት ብር፣ ደብተሩ መቼ ይመለሳል፣ ማን እየሄደ ያያል፣ ተመልሰን የምንቀመጠው የትኛው ቀን ነው። ይህ የሌለበት እርቅ ለበዳዩ የተሰጠ ዕረፍት ነው።

ድብደባ፣ ወሲባዊ ጥቃት፣ በመሣሪያ ማስፈራራት፣ ቤት ውስጥ ቆልፎ ማስቀመጥና ምግብ ከልክሎ ለሞት ማድረስ ግን ለሽማግሌ የሚቀርቡ አይደሉም። እዚህ ላይ መጀመሪያ ሕክምና፣ ቀጥሎ ፖሊስ ነው። ሽማግሌዎች መሐል ገብተው "እኛ እንጨርሰዋለን" ቢሉ፣ በአክብሮት እንቢ በሉ።

ለፖሊስና ለፍርድ ቤት ስታቀርቡ

የተጎዱትን ቅርብ ወዳለው ጤና ጣቢያ ወይም መካነ ሰላም ሆስፒታል ውሰዱ። ሕክምናውን ለማግኘት የፖሊስ ወረቀት መጠበቅ የለበትም፤ ለክስ የሚሆነው የሕክምና ማስረጃ ፖሊስ በሚጽፈው ደብዳቤ በኋላ ይጠየቃል። ወሲባዊ ጥቃት ከሆነ ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፤ ልብሱን አትጠቡት፣ ገላቸውንም ሳይመረመሩ አታጥቧቸው። በ70 ዓመት እናት ላይ ይህ አይደርስም የሚል ሰው ቢያጋጥማችሁ አትስሙት።

ወንጀል ሲፈጸም ያየም ያላየም ሰው ለፖሊስ ማመልከት እንደሚችል የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 11 ይናገራል። መጻፍ አይጠበቅባችሁም፤ በቃል የነገራችሁትን ፖሊስ ጽፎ፣ አንብቦላችሁ ያስፈርማችኋል። ሲነበብላችሁ በደንብ አዳምጡ፤ "ተጣሉ" ተብሎ የተጻፈ ድብደባ መዝገቡን ገና ከጅምሩ ይገድለዋል።

ጥንቃቄ የሚፈልገው ቀነ ገደቡ ነው። አንዳንድ ወንጀሎች፣ ለምሳሌ ቀለል ያለ የአካል ጉዳትና በቅርብ ዘመዳሞች መካከል የሚፈጸሙ አንዳንድ የንብረት ወንጀሎች፣ የሚያስከስሱት ተበዳዩ ራሱ ወይም ወኪሉ አቤቱታ ሲያቀርብ ነው። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ መሠረት ይህ አቤቱታ መቅረብ ያለበት ድርጊቱ ወይም አድራጊው ከታወቀበት ቀን ጀምሮ በ3 ወር ውስጥ ነው። ሽምግልናው ከፋሲካ ወደ ሰኔ፣ ከሰኔ ወደ መስከረም ሲንከባለል የሚያልፈው ይህ ጊዜ ነው። ከሽማግሌ ጋር እየተቀመጣችሁም ቢሆን ቀኑን ቁጠሩ። ከባድ የአካል ጉዳትና መድፈር ግን የተበዳይ አቤቱታ አይጠብቁም።

ጉዳዩ መጦር ከሆነ መንገዱ የቀለብ ክስ ነው። በሥራ ራሱን መርዳት ለማይችል ወላጅ አቅም ያላቸው ልጆች ቀለብ የመስጠት ግዴታ እንዳለባቸው የቤተሰብ ሕጉ ደንግጓል። ቀለብ ሲባል ምግብ ብቻ አይደለም፤ መጠለያ፣ ልብስና ሕክምናም አለበት። አቅም እያለው ያለ በቂ ምክንያት የከለከለ ልጅ በወንጀልም ሊጠየቅ ይችላል። ለዳኝነት የሚከፈል የለኝም የሚሉ አረጋዊ ከቀበሌ የድህነት ማስረጃ ይዘው በደሃ ደንብ ክስ እንዲከፍቱ ፍርድ ቤቱን መጠየቅ ይችላሉ። ብዙ ሰው ይህን ስለማያውቅ ከበሩ ይመለሳል።

የወረዳው የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት በራሱ አይፈርድም፤ ሆኖም ለፖሊስና ለዐቃቤ ሕግ ደብዳቤ መጻፍ፣ አረጋዊውን ከድጋፍ ጋር ማገናኘት ሥራው ነው። ቢሮ አልሰማችሁ ካለ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን የአረጋውያንን መብት የሚከታተል የሥራ ክፍል አለው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲደግፍ አዟል፤ ማመልከቻችሁ ላይ አንቀጹን መጥቀስ አይጎዳም።

ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ በቀጠለው ግጭት መንገድ የሚዘጋበት፣ ቢሮ የሚቆለፍበት ጊዜ አለ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ማስረጃውን አስቀምጡ፤ የሕክምና ካርድ ቁጥር፣ የሐኪም ወረቀት፣ የምስክሮች ስም፣ የጻፋችሁት ማስታወሻ። አረጋዊውን ለጊዜው ሌላ ዘመድ ቤት ማሳደር ከተቻለ አሳድሯቸው። መንገዱ ሲከፈት መዝገቡ ከዜሮ አይጀምርም።

ሳይደርስ

መከላከያው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። መጀመሪያ የማዘው የዓይን ሕክምና ነው። የዓይን ሞራ በቀዶ ሕክምና ይነሳል፤ በክልላችን የበዛው ትራኮማም ገና ሳይብስ ከተደረሰበት ይታከማል። የሚፈርሙበትን ወረቀትና የሚቆጠርላቸውን ብር በዓይናቸው የሚያዩ አባትን ማታለል ይከብዳል።

ሁለተኛው ፊርማ ነው። ወላጃችሁ ማንኛውም ወረቀት ላይ ከማተማቸው በፊት ከዚያ ወረቀት ምንም የማያተርፍ ሰው ጮክ ብሎ ያንብብላቸው። ጠቅላላ ውክልና የሚፈቅደው የአስተዳደር ሥራን ብቻ ነው፤ ቤት ለመሸጥ፣ ስጦታ ለመስጠት ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። የሰጡትን ውክልና በፈለጉ ጊዜ መሻር ይችላሉ። ኑዛዜም እንዲሁ ይሻራል፤ በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በመሠረቱ በተናዛዡና በ4 ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት፤ በኃይል የተደረገ ኑዛዜ አይጸናም። መሬትን በስጦታ ማስተላለፍን በተመለከተ የእኔ ምክር አጭር ነው፤ በሕይወት ሳሉ ሁሉንም አይስጡ። ለመጦሪያ የሚሆን ጥማድ ያህል እንኳ በስማቸው ይቅር። ወደ ወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤትም ራሳቸው ሄደው በስማቸው ምን እንደተመዘገበ ይጠይቁ። በእኩል ሲያሳርሱ ውሉ ይጻፍ፤ አውድማው ላይም ሰው ይቁምላቸው።

ሦስተኛው ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ነው፤ የምትጦረዋ ሴት። አልጋ ላይ የዋሉ አማት ማገላበጥ፣ ማጠብ፣ ማጉረስ፣ ሌሊት መነሳት፣ ከዚያ ውኃ መቅዳትና ማረም። ሦስት ልጆች ከተማ ተቀምጠው ሸክሙ በእሷ ላይ ብቻ ሲወድቅ፣ መጀመሪያ ድምፅዋ ይወፍራል፤ እጇ የሚከተለው በኋላ ነው። በደሉን አያጸድቀውም። ግን በወር ጥቂት ቀን የሚተካት ዘመድ፣ የሳሙናና የሰው ጉልበት ብር፣ "አንቺ ባትኖሪ" የሚል ቃል ስንቱን ቤት ባዳነ ነበር።

ርቃችሁ ያላችሁ ልጆች

ብር በመላክ ብቻ ጦርን አትበሉ። ከሚላከው ጥቂቱ እንኳ በእጃቸው የሚገባበትን መንገድ አብጁ። ስልክ ስትደውሉ ለእናታችሁ ብቻ እንዲሰጥ ጠይቁ፤ ሁልጊዜ "ተኝተዋል" ከተባላችሁ ያ ራሱ መልስ ነው። ከቤቱ ውጪ አንድ ሰው፣ የጎረቤት እናት ወይም የቅሬ ጸሐፊ፣ ስልኩ ይኑራችሁ። ስትመጡ ሳትናገሩ ኑ። በመጣችሁ ማግስትም የጦረችውን ሴት ሳታመሰግኑ ወደ ክስ አትሩጡ፤ የምትፈልጉትን መረጃ የምትነግራችሁ እሷ ልትሆን ትችላለች።

ቤት ለሌላቸውና ማንም ለሌላቸው አረጋውያን አዲስ አበባ ያለውን መቄዶንያን የመሰሉ ማዕከላት አሉ። ለቦረናና ለሳይንት ግን ሩቅ ናቸው፤ አብዛኛው ሰውም ከቀዬው መነቀል አይፈልግም። ቅርቡ ተቋም ቅሬ ነው። ለሞተ ሰው ድንኳንና ንፍሮ የሚያዘጋጅ ማኅበር፣ በሕይወት ላሉትም ጥቂት ሰዓት አያጣም። የቅሬ ሰብሳቢ ከሆናችሁ በሚቀጥለው ስብሰባ አንድ አጀንዳ አስይዙ፤ ብቻቸውን ወይም ከአንድ ጧሪ ጋር የሚኖሩ አባላትን ስም ዝርዝር አውጡ፣ ለእያንዳንዳቸው በየሁለት ሳምንቱ የሚጎበኝ ሁለት ሰው መድቡ፣ የታየውን በሚቀጥለው ስብሰባ አስደምጡ። አጀንዳውን በቃለ ጉባኤ አስፍሩት።